ቀጥቃጭነት ከእሳቱ ይጀምራል፦ ትንሽ ምድጃ ሠርቶ የመጀመሪያውን መሮ ማውጣት

ብረት መቀጥቀጥ ሊማር የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መዶሻና ብረት ተቀምጦ ስለሚቀጠቀጥበት መስፍ ነው። ስንት ኪሎ ይሁን፣ ከየት ላግኝ፣ የትኛው ይሻላል። እኔ ሁልጊዜ የምለው እሳቱን አስቀድሙ ነው። እሳቱን የሚያውቅ ቀጥቃጭ ድንጋይ ላይም ቢሆን ሥራ ያወጣል፤ እሳቱን የማያውቅ ግን ምርጥ መስፍ ፊት ቆሞ ብረት ሲሰነጥቅ ይውላል። ስለዚህ ከምድጃው እጀምርና ብረት የሚቆርጥ አንድ መሮ እስከ መሥራት እንደርሳለን። መሮን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ትንሽ ነው፣ ቅርጹ ቀላል ነው፣ ነገር ግን ማቅጠኑም፣ ማጠንከሩም፣ ማለዘቡም ሁሉም አለበት። መሮ በትክክል የሠራ ሰው ቢላዋና መጥረቢያ ለመሥራት ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ቦታውና ምድጃው

የመጀመሪያው ነገር ጥላ ነው። ብረት ምን ያህል እንደጋለ የሚታወቀው በቀለሙ ነው፣ ቀለሙ ደግሞ ፀሐይ ላይ ይጠፋል። ጥላ ውስጥ ቀይ ሆኖ የሚታይ ብረት እኩለ ቀን ላይ ደጅ ቢወጣ ጥቁር ይመስላል፤ እናንተም ገና አልጋለም ብላችሁ መልሳችሁ እሳት ውስጥ ትከቱታላችሁ፣ ከዚያ ይቃጠላል። ጣሪያ ያለው፣ ቢያንስ በሁለት በኩል ክፍት የሆነ ቦታ ፈልጉ። ክፍት ይሁን የምለው ለከሰሉ ነው። የፋመ ከሰል ጭስ ስለሌለው ደህና ይመስላል፣ ግን የማይታይና የማይሸት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ይሄ ጋዝ ዝግ ቤት ውስጥ ይገድላል። ራስ ምታት ወይ ማዞር ከተሰማችሁ ሥራውን ጥላችሁ ወዲያው ውጡ።

ለከሰል የሚሆን ምድጃ ብዙ አይጠይቅም። ጭቃና ጡብ ይበቃል። ተቀምጦ የሚሠራ ሰው መሬት ላይ ይሠራዋል፣ ቆሞ የሚሠራ ደግሞ ወገቡ አካባቢ የሚደርስ መደብ ላይ። ዋናው ጎድጓዳው ነው። ወርዱ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 20 ያህል ይሁን። ከግርጌው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በጎኑ በኩል አየር የሚገባበት ቱቦ ይገባል፤ የቱቦው ቀዳዳ 2.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ከግርጌው ከፍ የሚደረገው አመዱ ከሥር እንዲጠራቀምና አፉን እንዳይደፍነው ነው። ጭቃውን ከአሸዋ ጋር ቀላቅሉት፣ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጣጠቃልና። ከለጠፋችሁ በኋላ አትቸኩሉ። በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ በትንሽ እሳት ቀስ እያላችሁ አሙቁት። ከወንዝ የመጣ ድንጋይ ፍሙ አጠገብ አታስገቡ፤ ውስጡ ውሃ የያዘ ድንጋይ ድንገት ሲግል ፈንድቶ ስብርባሪው ዓይን ላይ ሊደርስ ይችላል። ሲሚንቶም እንዲሁ፣ ለእሳት ቅርብ ቦታ ላይ አይሆንም።

ንፋሱን በተመለከተ የኔ ምርጫ ወናፍ ነው። ሁለት የቆዳ ወናፍ ካላችሁ አንዱ ሲጫን ሌላው አየር እየሳበ ንፋሱ ሳይቋረጥ ይገባል። በእጅ የሚዞር ማራገቢያም ጥሩ ነው። ብዙ ሰው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማራገቢያ ወይም የፀጉር ማድረቂያ ገጥሞ ይጀምራል፣ ይሠራል፣ ግን ለጀማሪ አልመክረውም። እናንተ መስፉ ላይ እየቀጠቀጣችሁ እሱ መንፋቱን ይቀጥላል፣ ከሰሉ በከንቱ ያልቃል፣ እሳት ውስጥ የተረሳ ብረት ካለም አቃጥሎ ይጠብቃችኋል። ወናፍ እጃችሁ ሲቆም ይቆማል። ያ ደግሞ ምን ያህል ንፋስ ምን ያህል ግለት እንደሚያመጣ በክንዳችሁ ያስተምራችኋል።

እሳቱን መያዝ

ከሰሉ ደረቅ ይሁን፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተሰባብሮ ዱቄቱ ይበጠር። ትልልቅ ከሰል መካከሉ ባዶ ይሆንና ንፋሱ ሳይሠራ ያልፋል፣ ዱቄት ደግሞ ንፋሱን ያፍናል። የእንጨት ከሰል ድኝ የለበትም ማለት ይቻላል፣ ለዚህ ነው ከድንጋይ ከሰል ይልቅ ለብረት ንጹህ የሆነው። ጉዳቱ ቶሎ ማለቁና ብልጭታ መርጨቱ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ፍሙ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከቱቦው አፍ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ገና ያልተቃጠለ ኦክስጅን የሞላበት ነው፤ ብረት እዚያ ሲቀመጥ ኦክስጅኑ ይበላዋል፣ ላዩ ወፍራም ቅርፊት ያወጣል፣ ቀጭን ጫፍ ከሆነማ ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ ትንሽ ከፍ ሲል ኦክስጅኑ ከሰሉን አቃጥሎ ጨርሷል፣ ሙቀቱ ግን ከፍተኛ ነው። ብረታችሁ መቀመጥ ያለበት እዚህ ነው። እዚያ እንዲሆን ከቱቦው በላይ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር የፋመ ከሰል መኖር አለበት፣ ከብረቱ በላይም ሌላ ከሰል ይጫን። ብረቱን አግድም አስገቡት። ጫፉን ወደ ታች አዘቅዝቆ መውጋት የብዙ ጀማሪ ልማድ ነው፣ ያኔ ጫፉ በቀጥታ ቱቦው ፊት ይደርሳል።

እሳቱ ጠባብ ይሁን። ዳር ዳሩ ያለውን ከሰል ትንሽ ውሃ እያርከፈከፋችሁ ያዙት፣ ፍሙ መሃል ላይ ብቻ ይቆያል፣ ከሰሉም ይበረክታል። ውሃው ቱቦው አካባቢ እንዳይደርስ። ከጎን ያለው ከሰል በራሱ እየሞቀ ሲሄድ ወደ መሃል ትገፉታላችሁ፣ አዲሱ ደግሞ ዳር ላይ ይጨመራል። ቀዝቃዛ ከሰል ብረቱ ላይ በቀጥታ መድፋት ግለቱን ይሰብረዋል።

ንፋሱ ዝግ ያለና የማያቋርጥ ይሁን። በጉልበት የሚነፋ ወናፍ ብረቱን ከላይ አግሎ ውስጡን ቀዝቃዛ ያስቀረዋል፣ እንዲህ ያለ ብረት ሲመታ ላዩ ይንሸራተትና ጫፉ መሃሉ ገባ ብሎ ይቀራል። ወፍራም ብረት ሲሆን በተለይ ታገሡ፣ ቀለሙ ከመጣ በኋላም ትንሽ ቆዩለት።

መስፍ፣ መዶሻ፣ ጉጠት

መስፍ ለመግዛት አትጨነቁ። ከባድ የሆነ፣ አንድ ለስላሳ ፊት ያለው ማንኛውም ብረት ይሆናል። የሀዲድ ቁራጭ ካገኛችሁ አግድም ከማስተኛት አቁሙት፣ ክብደቱ ሁሉ ከምቱ ሥር ሲሆን የበለጠ ይሠራል። ግማሹ መሬት የተቀበረ ግንድ ላይ አስሩት። ቆማችሁ ክንዳችሁን ስትለቁ የጨበጣችሁት እጅ የሚነካው ከፍታ ለመስፉ ፊት ትክክል ነው። ከዚያ ዝቅ ካለ ወገብ ይጎዳል፣ ከፍ ካለ ትከሻ።

መዶሻው አንድ ኪሎ አካባቢ ይበቃል። ፊቱ በጣም ጠፍጣፋ ከሆነና ጠርዙ ከሳለ ብረቱ ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠባሳ ይተዋል፤ ጠርዙን በሞረድ ክብብ አድርጉት። ሲመታ ክንድ ይነሳ እንጂ አንጓ ብቻ አይወዛወዝ። እጀታውን አጥብቃችሁ አትጨብጡት፣ መዶሻው በራሱ ክብደት ይውረድ፣ ነጥሮ ሲመለስም ተከተሉት።

ጉጠት ላይ ግን አትሟገቱ። መንጋጋው ከያዘው ብረት ጋር ካልገጠመ ብረቱ ይወናጨፋል። ስለዚህ የጉጠቱን አፍ አግላችሁ፣ የምትይዙትን ብረት መሃሉ አድርጋችሁ፣ በመዶሻ እየመታችሁ አግጥሙት። የማይታመን ጉጠት ይዞ መቀጥቀጥ አደጋ ነው።

የትኛው ብረት

የግንባታ ፌሮ በየቦታው ይገኛል፣ ለመለማመድም ጥሩ ነው። መሮ ግን አይሆንም። አብዛኛውን ጊዜ ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ ስለት የሚይዝ ጥንካሬ አያገኝም። የሚያስፈልጋችሁ አረብ ብረት ነው፣ ከእሱ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው የመኪና ሞላ ወይም ባሌስትራ ነው። የሞላ ብረት ብዙውን ጊዜ 0.6 በመቶ አካባቢ ካርቦን አለው። ለመሮ ጠምዛዛውን ሞላ እመርጣለሁ፣ ክብ ስለሆነ ለእጅ ይመቻል።

ያገኛችሁትን ብረት ካላወቃችሁት ፈትኑት። ጫፉን አግላችሁ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ሲቀዘቅዝ በጨርቅ ጠቅልላችሁ መስፉ ጠርዝ ላይ ምቱት። ሳይታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ለስለት ይሆናል። ከታጠፈ ለማጠፊያ፣ ለመንጠቆ፣ ለሚስማር አስቀምጡት።

አንድ ነገር አደራ። ዚንክ የተቀባ ብረት፣ ማለትም አንዳንድ የውሃ ቧንቧ፣ ቆርቆሮና ብሎን፣ እሳት ውስጥ አይግባ። ዚንኩ ሲቃጠል የሚያወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የደረት ሕመም ያመጣል። የአየር ማስገቢያ ቱቦውም ዚንክ የሌለበት ይሁን።

ቀለሙን ማንበብ

ደብዛዛ ቀይ፣ ጨለም ያለ ቦታ ብቻ የሚታየው፣ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። እዚህ ላይ አረብ ብረት መምታት ስንጥቅ መጥራት ነው። ደማቅ ቀይ ከ750 እስከ 800 ነው፣ ለማጠንከር የምንፈልገው ግለት እዚህ አካባቢ ነው። ብርቱካናማ ሲሆን ከ900 በላይ ደርሷል፣ ብረቱ ለመዶሻ ይታዘዛል። ወደ ቢጫ ሲያዘነብል 1100 ይጠጋል፣ ለስላሳ ነው፣ ግን ለሞላ ብረት ከዚህ አትለፉ። ነጭ ሆኖ ከፍሙ መሃል የኮከብ ቅርጽ ያለው ብልጭታ መርጨት ከጀመረ ተቃጥሏል። የተቃጠለ አረብ ብረት አይድንም፣ ያንን ጫፍ ቆርጣችሁ ጣሉት።

ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው የሚባለው ተረት ብቻ አይደለም፣ የሥራው ደንብ ነው። ብርቱካናማ ሆኖ ይወጣል፣ ወደ ቀይ ሲወርድ ይመለሳል። አንድ ተጨማሪ ምት ልምታ የሚለው ስስት ነው ብዙ ሥራ የሚያበላሸው። ከማውጣታችሁ በፊት የት እንደምትመቱ ወስኑ፣ መስፉ ላይ ቆሞ ማሰብ ግለት መጣል ነው።

መሮውን መቀጥቀጥ

ሞላውን አግላችሁ አቃኑት፣ ከዚያ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጡ። የጫፉን 5 ሴንቲ ሜትር ብርቱካናማ አድርጋችሁ አውጡ፣ መስፉ ላይ ትንሽ አዘንብላችሁ ያዙት፣ መዶሻውም በዚያው ልክ ያዘንብል። ጥቂት ምት፣ ከዚያ ብረቱን ገልብጡት፣ በሌላው ፊት ተመሳሳይ ምት። በአንድ ወገን ብቻ ከተመታ ስለቱ ከመሃል ይወጣል። ሲቀጥን ወደ ጎን ይሰፋል፣ ያንን ጎኑን አቁማችሁ እየመታችሁ መልሱት፣ ግን ወደ ቀይ ከመውረዱ በፊት፣ ገና ብርቱካናማ ሳለ። ጫፉ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ላይ ሲደርስ አቁሙ። ቀጭኑን ስለት ሞረድ ያወጣዋል፣ እሳት ውስጥ በጣም የቀጠነ ጫፍ ቶሎ ይቃጠላል።

በየመሃሉ ላዩ ላይ የሚወጣውን ጥቁር ቅርፊት በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ። ካልተጠረገ መዶሻው ብረቱ ውስጥ ይቀብረዋል። አናቱንም አትርሱ፣ ዙሪያውን ጠርዙን ሰብራችሁ ትንሽ ክብብ አድርጉት።

ቅርጹ ካለቀ በኋላ ብረቱን አሳርፉት። በመዶሻ ብዙ የተጎሳቆለ ብረት ውስጡ ውጥረት አለበት፣ በዚያው ካጠነከራችሁት ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ደማቅ ቀይ አድርጋችሁ አውጡና ደረቅ ቦታ ላይ በአየር ይቀዝቅዝ፣ ይሄን ሦስት ጊዜ ድገሙ። ለሞረድ እንዲለሰልስ ደግሞ አንዴ ደማቅ ቀይ ካደረጋችሁት በኋላ ደረቅ አመድ ውስጥ ቀብራችሁ አሳድሩት። ጠዋት ስለቱን በሞረድ አስተካክሉ፣ 60 ዲግሪ አካባቢ ያለው ማዕዘን ብረት ለሚቆርጥ መሮ ይሆናል።

ማጠንከርና ማለዘብ

ይሄን ክፍል ሁለቴ አንብቡት። ብረቱ ከተወሰነ ግለት ሲያልፍ ካርቦኑ በብረቱ ውስጥ ይሟሟል፤ በፍጥነት ከቀዘቀዘ ካርቦኑ መውጫ አጥቶ እዚያው ይታሰራል፣ ብረቱም በጣም ጠንካራ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ማለዘብ ደግሞ በመጠኑ መልሶ በማሞቅ ያንን ተሰባሪነት መቀነስ ነው። ያንን ግለት ለማወቅ ማግኔት ተጠቀሙ። ብረት 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት መያዙን ያቆማል፣ ይሄ ነጥብ በ1895 እ.ኤ.አ. ስለ ማግኔት ጥናቱን ባቀረበው በፒየር ኪዩሪ ስም ይጠራል። ማግኔቱን በሽቦ አንጠልጥላችሁ አጠገባችሁ አድርጉት። የመሮውን ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አግሉ፣ ማግኔቱ መያዙን ሲተው መልሳችሁ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ከትታችሁ ቀለሙ አንድ ደረጃ ይድመቅ።

ለሞላ ብረት ዘይት እመክራለሁ። ውሃ በጣም ፈጣን ነው፣ ሊሰነጥቀው ይችላል። የምግብ ዘይት ይበቃል፣ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ለብ ይበል፣ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ አይወስድም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትጠቀሙ፣ ጭሱ መርዛማ ነው። ዕቃው የብረት ይሁን፣ ክዳኑም አጠገባችሁ ይቀመጥ። ዘይቱ እሳት ከያዘ ክደኑት፣ ውሃ እንዳትደፉበት።

ጫፉን 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ንከሩና ወደ ላይና ወደ ታች በትንሹ አንቀሳቅሱት። አንድ ቦታ ካቆማችሁት በጠንካራውና በለስላሳው መካከል ቀጥ ያለ ድንበር ይፈጠራል፣ በኋላ የሚሰበረው እዚያ ነው። ጫፉ ሲቀዘቅዝ አውጡት፣ ከኋላው ያለው አካል ግን አሁንም ትኩስ ይሁን። ዘይቱን በጨርቅ ጥረጉና በአሸዋ ወረቀት ወይም በድንጋይ ቁራጭ የጫፉን አንድ ፊት ፈጥናችሁ አንጹት፣ ብረቱ እስኪያበራ።

አሁን አትንቀሳቀሱ፣ እዩት። ከኋላ የቀረው ሙቀት ወደ ጫፉ ሲመጣ ቀለም ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ ፈዛዛ የገለባ ቢጫ ይታያል፣ እሱን ደማቅ ቢጫ ይከተለዋል፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ። ቀለሞቹ ተያይዘው ወደ ስለቱ ይሄዳሉ፣ መጀመሪያ ዝግ ብለው፣ ጫፉ ቀጭን ስለሆነ መጨረሻ ላይ በፍጥነት። ገለባማው ቢጫ 220 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ቡናማው 260፣ ወይን ጠጁ 280፣ ሰማያዊው 300። ለእንጨት መሮ ደማቅ ቢጫው ስለቱ ላይ ሲደርስ ነው የሚቆመው። ብረት ለሚቆርጥ መሮ፣ መዶሻ ስለሚያርፍበት፣ ወይን ጠጁ ስለቱ ላይ ደርሶ ሰማያዊው ሲከተለው ጫፉን መልሳችሁ ዘይት ውስጥ ክተቱት። ቀለሙ ካመለጣችሁ፣ ሰማያዊው አልፎ ግራጫ ከሆነ፣ ብረቱ አልተበላሸም፤ እንደገና አግላችሁ ከመጀመሪያው ማጠንከር ትችላላችሁ።

አናቱ ጨርሶ አይጠንከር። ጠንካራ አናት ላይ ጠንካራ መዶሻ ሲያርፍ ስባሪ ይረጫል።

ጠንክሯል ወይስ አልጠነከረም የሚለውን ከማለዘባችሁ በፊት ጥግ ላይ በአሮጌ ሞረድ ሞክሩት። ሞረዱ ሳይነክስ ከተንሸራተተ ጠንክሯል። ከነከሰ ወይ በቂ አልጋለም፣ ወይ ከእሳቱ እስከ ዘይቱ ስትደርሱ ዘገያችሁ፣ ወይ ብረቱ ራሱ ካርቦን የለውም።

ስለ ራሳችሁ

መነጽር አድርጉ፣ ሁልጊዜ። ልብሱ የጥጥ ይሁን፣ ናይለን ብልጭታ ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጫማው የቆዳ፣ ሱሪው ከጫማው ውጭ ይውረድ፣ ፍም ጫማ ውስጥ እንዳይገባ። ቀይነቱ የጠፋ ብረት ቀዝቅዟል ማለት አይደለም፣ 400 ዲግሪ ላይ ያለ ብረት ጥቁር ነው። መሬት ላይ የወደቀ ብረት ከማንሳታችሁ በፊት የእጃችሁን ጀርባ ሳታስነኩ አቅርቡለት፣ ሙቀቱ ይሰማችኋል። ልጆች አካባቢው ካሉ ደግሞ የጋለ ብረት የሚቀመጥበት አንድ ቦታ ብቻ ይኑራችሁ፣ ሁሉም ሰው ያንን ቦታ ይወቅ።

መሮው ሲዘጋጅ ወፍራም የፌሮ ቁራጭ ላይ ሞክሩት። ስለቱ ከተቆረሰ በጣም ጠንክሯል፣ ትንሽ ጨምራችሁ አለዝቡት። ከታጠፈ ለስልሷል፣ እንደገና ይጠንከር። ፌሮው ላይ ገብቶ ስለቱ እንዳለ ከወጣ አበቃ፣ ሥራ ይጀምር። ከጊዜ በኋላ አናቱ በመዶሻ ብዛት ዙሪያውን ይዘረጋና ጠርዙ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ያ ጠርዝ ተሰብሮ ስለሚፈናጠር ብቅ ባለ ቁጥር ሞርዳችሁ አንሱት።